መርዶ ያልደረሰበት ቤት

ሀሴት ከሞተች ሠላሳ ስምንት ቀኗ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን እንደ ወትሮው «እንደምን አመሻችሁ» ብላ ዜና ማንበብ ጀመረች።

ያቤጽ ድምፅዋን የሰማው ከጎረቤቱ ቤት ነው። በእሱ ቤት የግድግዳ ስክሪን ላይ የሚያነበው ሌላ ነው፤ ታጥቦ የተደፋ ሰሃን የመሰለ ፊት ያለው፣ ስሙን ሊይዝለት ያልቻለ ወጣት። የወጣቱን ድምፅ ቀነሰና ጆሮውን ወደ ናርዶስ ቤት ጣለ። ሀሴት ስለ ስንዴ ምርት ታወራለች። እናቷ ናርዶስ በመሃል «እሰይ!» ስትል ተሰማው።

ያቤጽ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ያቤጽ፣ ናርዶስ፣ ሶስና የሚባሉት የሽማግሌና የአሮጊት ስሞች ሆነው የልጅ ልጆች የሚስቁባቸው ዘመን ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ ጣቢያ የምስል አቀናባሪ ነበር፤ ምስል በእጃቸው ቆርጠው ከቀጠሉት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ። አሁን የብሎኩ እድር ጸሐፊ ነው። ሥራው ስም መያዝ፣ ድንኳን ማስተከል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ከሊቀመንበሩ ጋር ሆኖ መርዶ ማርዳት ነው። በሌላው ሥራ ማንም አይወቅሰውም። በመጨረሻው ግን ይኸው ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ ተኝቶበታል።

አንድ ዜና ለአገር ሁሉ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያያል። ግድግዳው ሰው ሲስቅ፣ ሲያስል፣ ሲነጫነጭ ያዳምጣል፤ በሰማው ልክ ዜናውን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል። ደም ግፊት ያለበት ቤት ጦርነትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። ባልና ሚስት የሚጣሉት ደረጃ ላይ ወጥተው ነው፤ ቤት ውስጥ ከተጣሉ ሳምንቱን ሙሉ የሚቀርብላቸው የትዳር ምክር ብቻ ነው። ለሁሉም እኩል የሚታየው የአየር ጠባይና የኳስ ውጤት ነው፤ ኳሱም ቢሆን በተሸናፊው ቤት የዳኛው ስህተት ደጋግሞ ይታያል። ሦስት ቀን ግድግዳውን ያጠፋ ሰው ሐዘን ላይ ነው ተብሎ ይመዘገባል።

ዜናን በአካል ቀርበው የሚያነቡ ሰዎች በጣቢያው ሰባት ብቻ ቀርተው ነበር። ሀሴት አንዷ ነበረች። መስክ ስትወጣ ወይም ሲያማት ማሽኑ በእሷ መልክና ድምፅ ይሸፍንላታል። «እናቷ እንኳ አትለየውም» እያሉ የጣቢያው ሰዎች ይኩራሩ ነበር። ከዚያ አንድ ሰኞ ለዘገባ ወጥታ ግድቡ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገለበጠ። አስከሬኗ በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ አጎቷ ጅማ ቀበራት። በዚያው ማታ ጣቢያው መልኳን ከየቤቱ አነሳ፤ የሐዘን መግለጫም አወጣ። ብሎኩ ሠላሳ ሁለት ቤት አለው። መግለጫው በሠላሳ አንዱ ተነበበ።

የቀረውን አንድ ቤት ያስቀረው የያቤጽ ሕግ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ሥራ ላይ ሳለ፣ አንዲት እናት ሽንኩርት እየላጠች የልጇን ስም በስክሪኑ ግርጌ ሲያልፍ አነበበች። በነጋታው ጫማ ሳታደርግ ጣቢያው በር ላይ መጥታ «ማነው የነገረኝ? ውጣና በአፍህ ንገረኝ!» እያለች ስትጮህ ዋለች። ያንን ዜና ቆርጦ የቀጠለው ያቤጽ ነበር። መስኮት ላይ ቆሞ አያት እንጂ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ እኛ አገር ሰው ሞት የሚሰማው ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ሰው ከቦት ነው፤ ስለዚህ መርዶ ላልደረሰበት ቤት ስርጭቱ እንዳለ ይቀጥል ብሎ። ተቀበሉት። በጡረታ ሽኝቱ ላይ እንኳ ይህ ሕግ ተጠቅሶ ተጨበጨበለት። ማሽኑም ቃሉን አክብሮ በናርዶስ ቤት ስርጭቱን እንዳለ ቀጠለ። ገደቡ አርባ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በቤቱ ለቅሶ ከተሰማ ግን መርዶው እንደደረሰ ይቆጠራል። አርባ ቀን ሙሉ መርዶ ሳይነግር የሚቀመጥ እድር ይኖራል ብሎ ያኔ ማን ያስባል?

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም በርበሬ ልካልናለች» አለች ሚስቱ ሶስና ከጓዳ ብቅ ብላ። አንድ ኪሎ የሚሆን በርበሬ በላስቲክ ይዛለች። «አራተኛችን ነው። ለዘጠነኛ ፎቅም ልካለች። ብቻዋን የምትኖር ሴት በየቀኑ በርበሬ የምታስፈጨው ሠራዊት ልትቀልብ ነው?»

«ልማዷ ይሆናል።»

«ምን ልማድ! ስልኳንስ ልብ ብለሃል? በመጀመሪያው ሳምንት ‹ሀሴት ስልክ አታነሳም› እያለች ስታስጨንቀን ነበር። ከዚያ ተወችው። አንዴም አልጠየቀችኝም።»

«መስክ ናት ብላ ነዋ። ኔትወርክ የለም ብላችሁ የነገራችኋት እናንተው አይደላችሁ?»

«እናንተ!» አለች ሶስና። «መርዶ የወንድ ሥራ ነው ብላችሁ የያዛችሁት እናንተ። እኔ ግን በደረጃው ሳገኛት ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ፈሪ ነህ ያቤጽ። በሃምሳ ዓመት ትዳር ይህን ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬ ነገርኩህ።»

የሀሴት አጎት እድሩ ይንገራት አለ፤ እድሩ አጎቷ ይንገራት አለ። ከዚያ የናርዶስ ደም ግፊት ምክንያት ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ የሊቀመንበሩ የሐጂ ሙክታር ጉልበት ሕመም። እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉንም የያዛቸው ያ በግድግዳው የሚሰማው «እሰይ» ነው። ደስ ብሏት ልጇን እያየች ያለች እናት በር ላይ ነጠላ አዘቅዝቆ መቆም ለማን ይቀላል?

ዜናው ሲያልቅ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ ከጣቢያው ነው፤ ለእድሩ ጸሐፊ። «መርዶ ላልደረሰበት ቤት የተፈቀደው አርባ ቀን ከነገ ወዲያ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይሞላል። መርዶው መድረሱን ወይም አለመድረሱን ያረጋግጡ። አልደረሰም ካሉ ለተጨማሪ አርባ ቀን ይራዘማል። ምላሽ ካልተሰጠ ስርጭቱ መርዶውን ቤቱ በሚወደው ፊት ያደርሳል።»

ያቤጽ የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበባት። ናርዶስ ቤት የሚወደደው ፊት አንድ ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አለች ሶስና።

«ካልነገርናት ከነገ ወዲያ ሀሴት ራሷ ትነግራታለች» አላት።

ሶስና በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

በማግስቱ ሐጂ ሙክታርን አገኘው። ሐጂ ብዙ መርዶ ያረዱ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። መልእክቱን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው «ጉልበቴ ይሰበር እንጂ ነገ ጎህ ሲቀድ እዚያ ነን» አሉ። ያቤጽ ለጎረቤት ሐኪም ነግሮ የደም ግፊት መድኃኒት በኪሱ ያዘ።

በአርባኛው ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ፣ ሐጂ፣ ያቤጽና ሶስና፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በናርዶስ በር ላይ ቆሙ። ያቤጽ ገና ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ።

ናርዶስ ለብሳ ተዘጋጅታለች። ሦስቱን አየቻቸው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ከቃሉ በፊት ይጮሃል፤ ያቤጽ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም።

«እንዴት አደራችሁ? ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው» አለች።

ገቡ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ናርዶስ ልጄ፣ ሰው ሁሉ የፈጣሪ ነው…» ብለው ሲጀምሩ ብድግ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ በአገጯ ግድግዳውን አሳየቻቸው። ግድግዳው ጠፍቶ ጥቁር ሆኗል፤ ጥጉ ላይ ግን ያቺ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። ቤቱን እየሰማ ነው።

«ሻይ ላፍላላችሁ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ማታ ሀሴትን አያችኋት? ትንሽ ከስታብኛለች። መስክ ምግብ የለም መሰለኝ።»

ሐጂ ወደ ያቤጽ ዞሩ። ያቤጽ ወደ ሶስና ዞረ። ሴትዮዋ አእምሮዋን ስታለች ብለው ሦስቱም እኩል አሰቡ። ሻዩ ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሦስት መርዶ ነጋሪዎች የቤቷን ዳቦ እየጎረሱ ስለ አሳንሰሩ ብልሽት ሲያወሩ አንድ ሰዓት አለፈ። ያቤጽ በኪሱ ያለውን መድኃኒት እየዳበሰ ከማን እንደሚጀምር አሰበ፤ ለራሱም አንድ ያስፈልገው ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከታች ፎቅ የወፍጮው ሞተር ተነሳ። ናርዶስ ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሽ ያቤጽ፣ በርበሬ ላስፈጭ ነበር። ጆንያው ከብዶኛል፤ ያግዙኛል? ሐጂም፣ ሶስናዬም፣ አብራችሁኝ ውረዱ።»

ወረዱ። ነጠላ እንዳዘቀዘቁ በርበሬ ተሸክመው።

ዱቄትና ሽሮ ቤት ድረስ የሚያመጣ ማሽን ሞልቷል፤ በርበሬውን ግን ሰው በዓይኑ እያየ ማስፈጨት አልተወም። የቶሎሳ ወፍጮ ቤት አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ሲጮህ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ከዚያ የሚወጣ ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ እያነጠሰ ነው። ማንም ማንንም ምን ሆንክ አይልም።

ያቤጽ በሩ ላይ ሲደርስ ናርዶስ በየቀኑ በርበሬ የምታስፈጨው ለምን እንደሆነ ገባው። የበሩን መቃን ያዘ።

ናርዶስ ጆንያውን ለቶሎሳ ሰጠችና ወደ ጥጉ ወሰደቻቸው። ቶሎሳ አልዞረም። በርበሬውን ወፍጮው አፍ ውስጥ ጨመረና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ለብዙ ቀን እንዲህ እንደቆመ ያስታውቃል።

«በሉ አሁን ንገሩኝ» አለች እየጮኸች። «እዚህ ግድግዳው አይሰማንም። በወጉ ንገሩኝ።»

ሐጂ ሙክታር አርባ ዓመት ሙሉ መርዶ ያረዱት በዝግታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። አሁን በጆሮዋ ላይ አፋቸውን ገጥመው መጮህ ነበረባቸው። «ልጅሽ ሀሴት አርፋለች! ጀልባ ተገልብጦ! አጎቷ ቀብሯታል! አፈር ለብሳለች፣ ብቻዋን አልተቀበረችም! አልቅሺ ልጄ!»

ናርዶስ ደረቷን መታች። «ልጄን! ልጄን! ሀሴቴን!» ስትል አፏ ሲከፈት ያቤጽ አየ እንጂ ድምፅዋን ሞተሩ ዋጠው። ሶስና አቅፋት አብራ ጮኸች። ሐጂ ጥጉን ይዘው ተቀመጡ። የበርበሬው ብናኝ ሁሉንም አለበሳቸው። ያቤጽ ስታለቅስ ቆሞ አየ፤ ከዚያ እሱም አለቀሰ፤ ለሀሴት፣ ደግሞም ሃያ ዓመት ሙሉ ላላለቀሰላት ለዚያች ባዶ እግሯን ለመጣች እናት።

ትንሽ በረድ ሲል ወደ በሩ ጠጋ አሉ፤ መነጋገር የሚቻለው እዚያ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት ያቤጽ።

«ከመጀመሪያው እሑድ።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ በርበሬው ይበልጥ አቃጠላት። «ሀሴት እሑድ የምትመጣልኝ ከሆነ ዜናውን ስትጨርስ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። የኔና የሷ ነው፤ ማንም አያውቀውም። የማትመጣ ከሆነ ዝም ብላ ትሰበስበዋለች። ያን ሳምንት ሰኞ መታች። ማክሰኞ መታች። በየቀኑ መታች። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ እመጣለሁ አልኩ። እሑድ የምትወደውን ሠርቼ ጠበቅኋት፤ ቀረች። ማታ ደግሞ መታች። ልጄ መትታ ቀርታ አታውቅም። ከቀረችም አትመታም።»

«ታዲያ እንዲህ ካወቅሽ ለምን አልነገርሽንም?» አለች ሶስና።

«እኔ ነኝ የምነግራችሁ? የሞተችው የእኔ ልጅ!» አለች ናርዶስ። ቁጣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። «ስገባ ዝም ስትሉ፣ በደረጃው ስትሸሹኝ፣ ሁሉንም አየሁ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ዛሬ ይመጣሉ እያልኩ ሌሊት ለብሼ ነው የምጠብቀው። አርባ ቀን!»

ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ያቤጽ ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻለም።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ ናርዶስ። ያቺን ልጅ ቤትሽ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ሀሴት ነግራኛለች። ‹ጎረቤታችን ጋሽ ያቤጽ እኮ ነው ያወጣው› እያለች ትኮራብዎት ነበር። ሕጉ ባይኖር ከግድግዳ ነበር የምሰማው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ዛሬ ማታ ይጠይቁዎታል አይደል?» አለችው። «ይህንንም ነግራኛለች። አርባው ሲሞላ እድሩን ይጠይቃሉ ብላኛለች።»

«አዎ። ደርሷል እላለሁ። ከዚያ መልኳ ይነሳል፤ ታርፊያለሽ። ድንኳን እንተክላለን፤ በወጉ ትቀመጫለሽ።»

ናርዶስ ክንዱን ያዘችው። እጇ በርበሬ ነው።

«ለኔ ነገራችሁኝ፤ ደግ አደረጋችሁ። ለእሷ ግን አትንገሯት።»

«ለማን?»

«ለሀሴት። አልሰማችም እኮ ጋሽ ያቤጽ። ማታ ማታ ደህና ናት። ስለ ስንዴው ታወራለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ እሑድ እመጣለሁ ትላለች። አለመስማቷ ነው ደስ የሚያሰኘኝ፤ ለዚያ ነው እሰይ የምላት። አሁን ሄዳችሁ ሞተሻል ልትሏት ነው?»

ሐጂ ጸሎት ጀመሩ። ናርዶስ የያቤጽን ክንድ አልለቀቀችም።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ወሬው ብሎኩን አዳረሰ። ወሬውን ያደረሰችው ሶስና ናት፤ በየደረጃው ላይ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ የሠላሳ አንዱ ቤት ሰው አንድ በአንድ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደ። ለቅሶ መድረሻው እዚያ ሆነ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ያለ ፋሲካው የድፎ ዳቦ ስንዴ ይዞ ይገባል፤ አልቅሶ፣ አነጥሶ፣ ዓይኑን ጠርጎ ይወጣል። ቶሎሳ ምሳ ሳይበላ ሞተሩን ሲያስጮህ ዋለ። በአሥር ሰዓት ናርዶስ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አቀናች፣ ወደ ቤቷ ወጣች።

ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ደርሷል። አልደረሰም። ከሁለቱ አንዱን መንካት ነው።

«ደርሷል በል» አለች ሶስና። ድምፅዋ ጎርንኗል። «ሰው ሞቶ እንዳልሞተ ማስቀመጥ ኃጢአት ነው። ዛሬ ያማታል፤ ከዚያ ይሽርላታል። እንዲህ ከሆነ ግን መቼም አይሽር።»

እውነቷን ነው። ያቤጽ ዕድሜውን ሙሉ ምስል ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ነገር የት ላይ ማለቅ እንዳለበት ያውቃል ተብሎ ይመሰገን ነበር። ጣቱን «ደርሷል» ላይ አደረሰው። በሐሳቡ ሀሴትን አያት፤ ነገ ከነገ ወዲያ አይደለም፣ አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትጠፋውን። ክንዱ ላይ ናርዶስ የያዘችበት ቦታ አሁንም ያቃጥለዋል።

«መርዶ ደርሷል ብዬ ብነካው» አለ ቀስ ብሎ «የነገርኩት ለማን ነው?»

ሶስና ፊቷን ወደ ናርዶስ ቤት አዞረች።

ጣቱን ወደ ጎን አንቀሳቅሶ «አልደረሰም» የሚለውን ነካ። ስልኩ አመሰገነው። ለተጨማሪ አርባ ቀን ተራዝሟል አለ።

«እንደምን አመሻችሁ» አለች ሀሴት በወዲያኛው ቤት። ዝናብ በምዕራብ እንደሚጠናከር ተናገረች። ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ ተናገረች። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ግድግዳ ድምፅ አጥፍተው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሟት። ስትጨርስ ወረቀቷን ሰበሰበች፤ ከዚያ ኳ ኳ። ቀጥሎ ከዚያው ቤት ሌላ ኳ ኳ መጣ፤ በጣት የተመታ የእንጨት ጠረጴዛ ድምፅ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከታች የወፍጮው ሞተር ተነሳ። ያቤጽ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሶስና ናርዶስ የላከችላቸውን አራቱን ላስቲክ በርበሬ በዘንቢል እየከተተች አገኛት።

«የተፈጨ እኮ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።